ድንኳን የማይጣልለት ለቅሶ

እኛ አገር ሰው ብቻውን አያለቅስም። ሞት አንድ ቤት ሲገባ የእድሩ ጥሩንባ ይነፋል፤ ድንኳን ይጣላል፤ አግዳሚ ወንበር ይደረደራል፤ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል። ተኳርፎ የከረመ ሰው እንኳ መጥቶ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ይልና ጥግ ይዞ ይቀመጣል። ሐዘንተኛው ምን ልበል፣ ምን ላድርግ ብሎ አይጨነቅም። የሚባለው ከእሱ በፊት ሲባል ኖሯል፤ የሚደረገውም ሲደረግ ኖሯል። ቀብሩ፣ ሠልስቱ፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ ሙት ዓመቱ እየተባለ ሐዘኑ በየቀኑ ተከፋፍሎ ይሸኛል። ካሉን ሥርዓቶች ሁሉ እንደዚህ የሚያስደንቀኝ የለም። የተሰበረን ሰው ደግፎ ለማቆም ከዚህ የተሻለ ነገር ያበጀ ሕዝብ ስለ መኖሩም እጠራጠራለሁ።

ባለፈው ክረምት ድመቴ ሞተችብኝ። ስሟ ዳማ ነበር፤ ቀላ ያለው ቡናማ ጠጉሯ ያወጣላት ስም ነው። ያስጨነቀኝ ሐዘኑ ብቻ አልነበረም፤ ሐዘኑን ይዤ የት እንደምገባ አለማወቄም ጭምር ነው። ለማን ይደወላል? መሥሪያ ቤት ምን ተብሎ ይቀራል? ጥቁር ይለበሳል? የእድራችን መተዳደሪያ ደንብ ለአባት፣ ለእናት፣ ለልጅ፣ ለትዳር ጓደኛ፣ ለወንድምና ለእህት ስንት ብር እንደሚከፈል አንድ በአንድ ይዘረዝራል። ከዚያ ዝርዝር ውጭ የሞተ ለእድር አልሞተም። በእድር አልፈርድም። እድር የቆመው በብድር ነው፤ ዛሬ አንተ ለእኔ ታለቅሳለህ፣ ነገ እኔ ላንተ አለቅሳለሁ። ድመት የማንንም ለቅሶ አልደረሰችምና ብድሯን የሚመልስላት የለም። እናም ሰው ብቻውን በማያለቅስበት አገር ብቻውን የሚያለቅስ ሰው ካለ እንስሳ የሞተበት ሰው ነው።

አሜሪካዊው የሐዘን ተመራማሪ ኬኔት ዶካ በ1989 እ.ኤ.አ. ባሰናዳው መጽሐፍ እንዲህ ዓይነቱን ሐዘን ከነስሙ ለይቶ አስቀምጦታል፤ በግልጽ የማይነገር፣ በአደባባይ የማይለቀስ፣ ማኅበረሰቡ የማያውቀው ሐዘን ነው። የዶካ ሐሳብ ትክክል ይመስለኛል። እኔ የምጨምርበት ነገር ቢኖር ኀፍረቱን ነው። ሐዘንተኛው በሌሎች ዓይን ከመታየቱ በፊት በራሱ ዓይን ያፍራል። ያለቀሰበትን ዓይን ታጥቦ ወደ ሥራ ይሄዳል፤ «ምነው፣ አሞሃል እንዴ?» ሲሉት «ጉንፋን ነው» ይላል።

ለሰው ከነገሩት ደግሞ የሚመጣው መልስ ወይ «ድመት ናት እኮ» ነው፣ ወይ «ሌላ አምጪ»። በክፋት አይደለም፤ «ሌላ አምጪ» እንዲያውም ማጽናኛ ነው። ሁለቱንም የሚያናግራቸው ድመት በቤታችን ስትኖር የቆየችበት ምክንያት ነው። ድመት ለእኛ የእህል ጠባቂ ናት። ምሳሌያዊ ንግግራችን ሲያነሳት ወይ ከአይጥ ጋር ያነሳታል፣ ወይ አመሏን ያወጣባታል፤ «አይጥ ለሞቷ የድመት አፍንጫ ታሸታለች»፣ «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ»። አይጥ እንድትይዝ የመጣች ድመት ብትሞት አይጥ የምትይዝ ሌላ ድመት ትመጣለች፤ ጉድለቱ ሞላ። ሥራ ተተኪ አለው።

እኔ ግን ያጣሁት የድመት ሥራ አይደለም። በር የምትቧጭር ድመት ሞልታለች። ዳማ ቧጭራ ሲከፈትላት አትገባም ነበር። ደፉ ላይ ቁጭ ትላለች፤ የሚቀራትን ነገር የምታጣራ ይመስል ፊቷን መልሳ ግቢውን ትቃኛለች፤ በሩን ይዤ እንደቆምኩ መሆኔ ደንታዋም አልነበረም። ብርዱ ይገባል፣ ሽሮው ይገነፍላል፣ እሷ ታያለች። ከዚያ ጅራቷን እግሬ ላይ አሳልፋ ትገባለች። ሌላ ድመት ባመጣ የዚያችኛዋን አመል ለምጄ እወዳታለሁ፤ አምናለሁ። ይኸኛውን ቦታ ግን አትሞላውም፤ የራሷን ሌላ ቦታ ትከፍታለች እንጂ። መውደድ የሚጀምረው ተተኪ የሚለው ነገር ትርጉም ሲያጣ ነው። ለሰው ሲሆን ይህን ማንም ያውቀዋል። ልጅ የሞተባትን እናት «ሌላ ትወልጃለሽ» የሚል ሰው ምን ያህል እንደሚያቆስላት የማያውቅ የለም።

ሙሾ አውራጅ ብትጠራላት ምን ትል ነበር ብዬ አስቤያለሁ። ሙሾ የሟቹን ዘር ይቆጥራል፤ ጀግንነቱን፣ ለጋስነቱን፣ ዳኝነቱን ያነሳል፤ የተወውን ልጅና የተወውን ቤት ይጠራል። ዳማ ዘሯ አይታወቅም። አልዘመተችም፤ አላበላችም፤ አላጠጣችም፤ ማንንም አላስታረቀችም። በዕድሜዋ ሙሉ ያደረገችው ቢኖር መኖር ነው። ጠዋት ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ ምንጣፉ ላይ ትጋደማለች፤ ፀሐይዋ ወደ ግድግዳው ስትጠጋ እሷም ትጠጋለች። ከዚህ ውስጥ ለሙሾ የሚሆን አንድ ስንኝ አይወጣም።

ነገሩ ግን እዚህ ላይ ሌላ መልክ ያዘብኝ። አባቴ ሲሞት ሙሾው ብዙ ነበር፤ የሚገባውም ሰው ነበር። የተዘረዘረው ሁሉ እውነት ነው፤ ድንኳኑ ውስጥ ሁላችንም በዚያ አልቅሰናል። ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ ሌሊት ብቻዬን ያስለቀሰኝ ግን ሙሾው ያነሳው አልነበረም። ከሥራ ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ የሚያሰማው ረጅም ትንፋሽ ነበር። ያ ትንፋሽ ጀግንነትም ደግነትም አይደለም፤ ማንም ሙሾ አውራጅ አታውቀውም፤ ብታውቀውም አትለውም። በአንድ ጣሪያ ሥር ለረጅም ጊዜ አብሮኝ የነበረ አካል ነበር፤ አሁን የለም። ለዳማ ሳለቅስ ያንኑ ለቅሶ አገኘሁት። ከሰው ለቅሶ ላይ ዘሩ፣ ሙያው፣ ውለታው፣ ብድሩ ሁሉ ሲነሳ የሚቀረው ግርጌ ይኸው ነው። ለእንስሳ ማልቀስ ትንሽ ሐዘን ሆኖ አይታየኝም። የሐዘን መሠረቱ ራሱ ነው፤ ላዩ ላይ ምንም ስላልተሠራበት ባዶውን ይታያል።

ይህ መሠረት ከምን ተሠርቷል? እኔ የማውቀው በጣም ተራ ከሆነ ነገር እንደ ተሠራ ነው። ዳማ ሳምባ ትበላለች። ሳምባ የሚገዛው ከሥጋ ቤት ነው፤ ሁዳዴ ሲገባ ግን በሰፈራችን ያሉት ሥጋ ቤቶች ለ55 ቀን ይዘጋሉ። ድመት አትጾምም። በቤቱ ውስጥ ቅቤ እንኳ በማይነካበት ወቅት የእሷን ሳምባ ቀቅዬ፣ ከትፌ፣ ድስቱን ለብቻው አጥቤ አስቀምጣለሁ። ለመግዛትም ወደ ሙስሊም ሥጋ ቤት እሄዳለሁ። ለራሴ ከዚያ ቤት ገዝቼ አላውቅም፤ ለእሷ ስሄድ ግን ባለቤቱ ከርቀት ለይተውኝ ቢላዋቸውን ያነሱ ነበር። አንድ ቀን ሒሳቡን ልሰጥ ስል «ተይው እህቴ፤ እኛ ጋ ድመት ነጃሳ አይደለችም፣ በመካከላችን የምትዞር ናት» አሉኝ። ከነቢዩ የተወረሰ ትምህርት እንደ ሆነ፣ ድመት አስራ በረሃብ የገደለች ሴት በዚያ ምክንያት እንደ ተቀጣች የሚናገር ሐዲስ እንዳለም ጨመሩልኝ። እኔ በጾሜ፣ እሳቸው በሃይማኖታቸው፣ በመካከላችን በጋዜጣ የተጠቀለለ ሳምባ። ዳማ ባትኖር ኖሮ ከእኚህ ሰው ጋር አንድ ቃል ሳንለዋወጥ ሁለታችንም አርጅተን እንሞት ነበር።

ለድመት ቀለብ ሲል ራሱ ገበያ ይወጣ የነበረ ሌላ ሰው አውቃለሁ። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን ነው። የእኛን አገር ጉዳይ በወጣትነቱ ያነሳ ሰው ነው፤ የኢየሱሳዊውን የጀሮኒሞ ሎቦን የሐበሻ ጉዞ ከፈረንሳይኛ ተርጉሞ በ1735 እ.ኤ.አ. አሳትሟል፤ በ1759 ደግሞ የኢትዮጵያ ልዑል የሆነውን የራስሴላስን ታሪክ ጽፏል። የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ቦዝዌል እንደሚነግረን ጆንሰን ሆጅ የሚባል ድመት ነበረው፤ የሚበላውን የባሕር ዛጎል ሥጋ ራሱ እየወጣ ይገዛለት ነበር። ለአገልጋዮቹ ያልተወው ሥራው መሮአቸው ያንን ምስኪን እንዳይጠሉት ብሎ ነው። ቦዝዌል ድመት አይወድም፤ ድመት ያለበት ክፍል ውስጥ መቀመጥ ያስጨንቀዋል፤ ቢሆንም ያየውን ጽፏል። አንድ ቀን ሆጅን ሲያመሰግነው ጆንሰን ከዚህ የበለጠ የወደድኳቸው ድመቶች ነበሩኝ ይላል፤ ወዲያው ደግሞ ሆጅ የተከፋ መስሎት እሱም በጣም ግሩም ድመት ነው ብሎ ያስተካክላል። ለንደን ውስጥ በቤቱ ፊት ለፊት ከ1997 ጀምሮ የሆጅ ሐውልት ቆሟል። እኔን የሚነካኝ ግን ሐውልቱ ሳይሆን ያቺ ማስተካከያ ናት። ቃል የማይሰማን ፍጡር በቃል እንዳናስከፋው መጠንቀቅ ከምን ይመጣል? ፊት ለፊታችን ያለው ፍጡር መከፋት የሚችል መሆኑን ከማወቅ ነው የሚመጣው። ከዚያ በላይ ፍልስፍና አያስፈልገውም።

ራስሴላስን ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውልናል። እዚያ ውስጥ አንድ ጠቢብ አለ፤ ሰው ስሜቱን በአእምሮው መግዛት እንዳለበት፣ ደስታም መከራም ሊያናውጠው እንደማይገባ እያስተማረ ሰውን ሁሉ ያስደንቃል። ልዑሉ ተማርኮ ከጥቂት ቀን በኋላ ሲመለስ ጠቢቡ ግማሽ ጨለማ በሆነ ክፍል ውስጥ ያገኘዋል፤ አንዲት ልጁ ሌሊቱን በንዳድ ሞታበታለች። ልዑሉ ያ ያስተማርከው ወዴት ሄደ ቢለው፣ እውነትና አእምሮ ልጄ እንደማትመለስ ከመንገር ሌላ ምን ይጠቅሙኛል ይላል። ጆንሰን ይህን መጽሐፍ የጻፈው እናቱ በሞቱ ሰሞን፣ ለቀብራቸው የሚሆን ገንዘብ ፍለጋ፣ በአንድ ሳምንት ምሽቶች ነው። በጠቢቡ ላይ እየሳቀበት አይመስለኝም። የሚነግረን ሐዘን በክርክር የሚሸነፍ ነገር አለመሆኑን ነው። «ድመት ናት እኮ» የሚለውም ክርክር ነው፤ እውነት ነው፣ ድመት ናት። እውነት መሆኑ ግን የሚያነሳው ነገር የለም።

ስለ አሟሟቷ ጥቂት ልበል፤ ምክንያቱም እንስሳን መውደድ ከሰው መውደድ የሚለይበት ከባድ ቦታ እዚያ ነው። ድመት በሽታዋን ትደብቃለች። አድና የምትበላ፣ ራሷም ልትታደን የምትችል ፍጡር ድክመቷን ብታሳይ አያዋጣትም። ዳማ ውሃ አበዛች፤ ከዚያ ከሳች፤ ከዚያ ጠጉሯን መላስ ተወች። የእንስሳት ሐኪሙ ኩላሊቷ መድከሙን ነገረኝ። ያረጁ ድመቶችን አዘውትሮ የሚይዝ፣ ማዘግየት እንጂ ማዳን የማይቻል ሕመም ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷ የማታውቀውን ሞቷን እኔ ይዤላት ከረምኩ። እሷ እንደ ወትሮዋ ፀሐይዋን ተከትላ ትተኛለች፤ እኔ አያታለሁ። የታመመ ሰው ቢሆን አብረን እንፈራ ነበር፣ አብረን እንጸልይ ነበር፣ አንዳችን ሌላውን እናበረታ ነበር። እሷ ፍርሃቱ የላትም፤ የሁለታችንንም ፍርሃት የፈራሁት እኔ ነኝ። ደግ ነገር መሆኑን ያወቅሁት ቆይቼ ነው፤ ከምንወደው ፍጡር ላይ ሞትን መፍራትን አንስቶ መሸከም ለሰው ልናደርገው ብንመኝም የማይሆንልን ነገር ነው።

በመጨረሻ ሐኪሙ ስለ መርፌው አነሳ። ለሰው ሲሆን ጠበሉም ሕክምናውም ተሞክሮ የቀረው ለፈጣሪ ይተዋል፤ ቀኑን የሚወስን ሰው የለም። ለእሷ ቀኑን የምወስነው እኔ ሆንኩ፤ ፈቃዷን ሳልጠይቃት፣ ልጠይቃትም ሳልችል። መብላት አቁማ ነበር። ውሃ ሳቀርብላት ሳህኑ ላይ አንገቷን ደፍታ ሳትጠጣ ትቆያለች። ፈቀድኩ። አንገቷ ሥር እየዳበስኳት ነበር፤ ማንኮራፋት የሚመስለው ያ የደስታ ድምጿ መርፌው እስኪሠራ ድረስ ተሰምቶኛል። ያን ውሳኔ ዛሬም ብጠየቅ እደግመዋለሁ። ስለ ደገምኩት ግን አይቀለኝም፤ መቅለል ያለበትም አይመስለኝም። በሌላ ነፍስ ላይ የመወሰን ሥልጣን ያለ ክብደት ቢሰጠን ኖሮ ክፉዎች እንሆን ነበር።

የምኖረው ተከራይቼ ነው። የከተማ ተከራይ ለድመቱ የሚሆን ሁለት ክንድ መሬት የለውም፤ የብዙ ድመቶች መጨረሻ የቆሻሻ ገንዳ ነው። የቤቱን ባለቤት «እማማ፣ ከጽዱ ሥር ትንሽ ጉድጓድ ልቆፍር?» አልኳቸው። ካርቶኑን አዩት። «ዳማ ናት?» አሉ። ዶማው ጓሮ እንዳለ በእጃቸው አሳይተውኝ ወደ ውስጥ ገቡ። ሲመለሱ ያረጀ ነጠላ ይዘዋል፤ ጥለቱ ከአንድ ወገን ተተርትሯል። «በካርቶን አይሆንም ልጄ» ብለው ራሳቸው ጎንበስ ብለው ጠቀለሏት፤ ጅራቷን ሰብሰብ አድርገው ወደ ውስጥ አስገቡት። ፍትሐት የለም፣ የሚነበብ ነገር የለም። አፈሩን መልሼ ስጨርስ እማማ ቀና አሉና ለሰው እንደሚባለው አድርገው «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሉኝ። በዚያ ሰሞን ከማንም የሰማሁት እሱን ብቻ ነው፤ በቃኝም።

እማማ ያደረጉት ነገር ዕድሜው ምን ያህል እንደ ሆነ ሳስብ ልቤ ይሞላል። በቆጵሮስ ደሴት ሺሉሮካምቦስ በሚባል ቦታ አርኪዮሎጂስቶች ከ9,500 ዓመት ገደማ በፊት የተቀበረ ሰው አግኝተዋል፤ ከአጠገቡ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ፣ ለእሷ በተቆፈረላት የራሷ ጉድጓድ ውስጥ፣ የስምንት ወር ገደማ ድመት ተቀብራለች። ግኝቱ በ2004 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ቆጵሮስ የራሷ የዱር ድመት ስላልነበራት ያቺን ድመት ወይም እናቶቿን ሰው ነው በጀልባ ጭኖ ያሻገራቸው። ፊደል ከመቀረጹ በፊት፣ ብረት ከመቅለጡ በፊት፣ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ለድመት ጉድጓድ ቆፍሯል። ሄሮዶቱስ ደግሞ ግብፃውያን ድመት የሞተችበት ቤት ሰዎች ሁሉ ቅንድባቸውን ይላጩ እንደ ነበር ጽፏል። ለዘመድ ጠጉሩን የሚላጭ፣ ነጠላውን የሚያዘቀዝቅ ሕዝብ ይህ እንግዳ አይሆንበትም፤ ሐዘን በአካል ላይ ካልታየ ሐዘን መሆኑ እንደማይታወቅ እኛም እናውቃለን።

ይህን ስጽፍ በሩቅ የሚጠብቀኝ ጥያቄ አለ፤ ሰው እንደ ቅጠል እየረገፈ ለድመት ይለቀሳል? ጥያቄው ከባድ ነው። ልጁን በጦርነት ባጣ ሰው ቤት ገብቼ ስለ ዳማ አንድ ቃል አላወራም፤ አፌን የሚይዘኝም ኀፍረት ሳይሆን አክብሮት ነው። ሆኖም ጥያቄው ውስጥ ያለውን ሒሳብ አልቀበለውም፤ ለእንስሳ የፈሰሰ እንባ ከሰው ድርሻ የተቀነሰ አይደለም። ነቢዩ ናታን ዳዊትን ሊገሥጸው ሲመጣ ስለ ተገደለው ስለ ኦርዮ አልጀመረለትም። ስለ አንድ ድኻ በግ ነገረው፤ ከእንጀራው ስለምትበላ፣ ከጽዋው ስለምትጠጣ፣ በብብቱ ስለምትተኛ፣ እንደ ልጁ ስለ ነበረች። ኦርዮን ሲያስገድል ያልደነገጠው ንጉሥ ለበጊቱ ሲሉት በቁጣ ተነሣ። የደነደነው ልቡ የተከፈተው በዚያች በግ በኩል ነው። ማር ይስሐቅም፣ ከመጻሕፍተ መነኮሳት አንዱ በስሙ የሚጠራው ያ የሰባተኛው መቶ ዓመት አባት፣ ርኅሩኅ ልብ ምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ ስለ ፍጥረት ሁሉ የሚቃጠል ልብ ነው ይላል፤ ስለ ሰው፣ ስለ አእዋፍ፣ ስለ አራዊት፣ ስለ አጋንንት ሳይቀር፤ በደረታቸው ስለሚሳቡትም በእንባ ይጸልያል። ከላይ እስከ ታች ማንንም ሳይዘል ይቆጥራል። ማንም የማያባርረኝ አንድ ጥግ ያገኘሁት እዚያ ውስጥ ነው።

እንስሳ በለቅሷችን ውስጥ ጨርሶ ቦታ የለውም ማለትም አይቻልም። መኳንንቱ በፈረስ ስማቸው ተጠርተዋል፤ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። ጎንደር ውስጥ በፋሲል መዋኛ አጠገብ ያለው ጉልላት ያለው ሕንፃ የአፄ ፋሲል ፈረስ የዞብል መቃብር ነው ይባላል። ደስ ይለኛል። ግን እነዚህ የተከበሩት ከጌታቸው ክብር ተካፍለው ነው፤ ፈረሱ የተጠራው ጀግናውን ለመጥራት ነው። ከማንም ክብር የማትካፈል የተከራይ ድመት ስሟ የት ይጠራል?

ጃፓናዊው ደራሲ ናትሱሜ ሶሴኪ ዝናው የጀመረው ስም የለሽ ድመት በምትተርከው ልቦለድ ነው። የራሱ ድመት በ1908 እ.ኤ.አ. ስትሞት ለወዳጆቹ በፖስታ ካርድ የሞቷን ዜና ላከላቸው፤ መቃብሯ ላይም ምልክት አቆመላት። በሞቷ መታሰቢያ ዕለት ሚስቱ አንድ ቁራጭ ዓሣና የዓሣ ፍርፋሪ የተነሰነሰበት ሩዝ መቃብሯ ላይ ማስቀመጥ እንዳልረሳች ጽፏል። ይህን ሳነብ ያየሁት ተዝካር ነው። እንግዲህ ሥርዓት ከሌለ ሥርዓት ይበጃል። ራስሴላስ ውስጥም የልዑሉ እህት ነካያ ጓደኛዋ ተጠልፋ ስትጠፋባት ከዓለም ተለይታ ስታለቅስ ልትኖር ትወስናለች። ቀስ በቀስ ግን ልቧ ወደ ሌላ ነገር ይሄድባታል፤ መርሳቷ ያሳፍራትና ከቀኑ አንዱን ሰዓት ለሐዘኗ ብቻ ትለየዋለች። እኔ መርሳቴ አያሳፍረኝም፤ ግን ያሳዝነኛል። በሩን ስከፍት ደፉ ላይ ሳልጠብቃት የምዘጋበት ጊዜ መጥቷል። ሥጋ ስከትፍ ግን እስካሁን ወደ እግሬ አያለሁ።

በቅርቡ አብራኝ የምትሠራ ልጅ ለጥቂት ቀን ፊቷ ጠቁሮ ሰነበተች። ጉንፋን ነው አለች። ከሰዓት በኋላ ሻይ ቤት ወስጄ ስጠይቃት የእናቷ ድመት መሆኗን፣ እናትየው ካረፉ በኋላ እሷ እንደ ወሰደቻት፣ ባለፈው እሑድ እንደ ሞተችባት ነገረችኝ። ቅዳሜ ቤቷ ሄድኩ፤ ዳቦ ይዤ፣ ነጠላዬን ለብሼ፣ ለለቅሶ እንደሚኬደው። በር ላይ ስታየኝ አላመነችም። እግዚአብሔር ያጽናሽ አልኳትና ገብቼ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ሁለታችንም ዝም አልን፤ ከዚያ ቡና አቀረበችና ማውራት ጀመረች። ድመቷ ዝናብ ትወድ ነበር አለችኝ፤ ክረምት ሲገባ ሌሎች ድመቶች ሲሸሸጉ እሷ የእናቷ ሻሽ ከሚሰጣበት ገመድ ሥር ወጥታ እየበሰበሰች ትቀመጥ ነበር። ዝናብ የምትወድ ድመት ሰምቼ አላውቅም። እናትሽ ምን ይሏት ነበር ብዬ ጠየቅኳት፤ ሁለተኛውን ስኒ እየቀዳች ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረችኝ።